ኮምፒውተር እንዳልነካ ለከለከሉኝ ለአቶ ልዑልሰገድ

ለተከበሩ አቶ ልዑልሰገድ፣
የሻርጃው ፍላታችን ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ኤሲው ሳይጠፋብዎ፣ የተከራዮችዎም ንትርክ ሳይበረታብዎ በሙሉ ጤንነት እንዲሰነብቱልን ከልብ እመኛለሁ። ቀን ጀበል አሊ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የምመዘግበው፣ በዕረፍቴ ደግሞ ደህና የሚሠራ ኮምፒውተር ካላበላሸሁ ምግብ የማይረጋልኝ ተከራይዎ ንጋቱ፣ «ንጋቱ የማንንም ኮምፒውተር እንዳይነካ» ብለው ፍሪጁ ላይ ለለጠፉት ማስታወቂያ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያው ዘግይቷል። ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ዊንዶውስ አጥፍቼ በነጻ የሚገኙ ሌሎች ሲስተሞችን እያፈራረቅሁ መጫን ከጀመርኩ ወዲህ፣ ላፕቶፔ ዋይፋይ ሲያገኝ ድምፅ ያጣል፤ ድምፅ ሲያገኝ ዋይፋይ። ገና ስጀምር ቢለጥፉልኝ ኖሮ ይኼኔ ትዳር ይዤ ነበር።

ሁለተኛ፣ የሕሊና ነገር ነው። ኡድ ሜታ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ጎረቤታችን ሕሊና ለሆቴል ሥራ በቪዲዮ ልትፈተን ስትሰናዳ፣ ላፕቶፕሽ ተንቀራፏል፣ አምጪው ብዬ ከነጻዎቹ ሲስተሞች አንዱን፣ ሊኑክስን፣ ጫንኩበት። ዋላሂ፣ በረረ! ፈተናው ሲጀመር ግን እሷ ጠያቂዎቹን ትሰማለች፤ እነሱ እሷን አይሰሙም። እኔ አጠገቧ ተንበርክኬ በስልኬ መፍትሔ ስፈልግ ላቤ ጠብ ይል ነበር። ስልኩን ራሱን ልሰጣት እንደምችል ትዝ ያለኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

እሷ ግን የብስኩት ካርቶን ቀድዳ፣ በዓይን ኩሏ «እሰማችኋለሁ፣ ጠይቁኝ» ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋ ለካሜራው አሳየች። መልሱን ሁሉ እንዲሁ እየጻፈች ቀጠለች። በመጨረሻ፣ ትዕግሥትሽን የሚፈታተን ሰው ቢገጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ ሲሏት፣ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችና «ይኸው፤ እስካሁን አልመታሁትም» የሚል ካርቶን ከፍ አደረገች። ጠያቂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሥራውን አገኘች።

ሦስተኛ፣ በሩ ላይ ቆመው ሁሉን ያዩት እርስዎ፣ «እሷ ጎበዝ ናት፤ አንተ ሙሽኪላ ነህ፣ ኸላስ!» ብለው ችግሩ እኔ መሆኔን ፈረዱ። ይግባኝ የለኝም። ሕሊናም ዊንዶውሷን ስመልስላት፣ «ንጋትዬ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ሁለተኛ ግን እንዳትረዳኝ» አለችኝ። ያችን ምርቃት እስካሁን አልረሳኋትም፤ ታሳፍረኛለች።

ላፕቶፑ ካልተነሳ እሱም ከአልጋው የማይነሳው፣
ለትእዛዝዎ ተገዢ ተከራይዎ፣
ንጋቱ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ማንም ሳያይዎ በፎጣ ጠቅልለው አልጋዬ ላይ ያስቀመጡት፣ ስምዎ የተለጠፈበት ላፕቶፕ ደርሶኛል። እገዳው ስላልተነሳ አልነካሁትም። ፎጣውን ግን አጥቤዋለሁ።