ከመጽሐፍ ቅዱስህ የወጣው ወረቀት

አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 17 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዘካሪያስ፣

እንደምን ሰነበትክ? አዋሳ ተስማምቶህ ይሆናል። እኛ እዚህ ሴቻ ሰፈር ያው ነን፤ የሆቴሉን አንሶላ እናጥባለን፣ እናሰጣለን፣ የዓባያ ሐይቅ ነፋስ ይጥልብናል፣ ደግመን እናጥባለን። የላክልኝ ሹራብ ደርሶኛል፤ እስካሁን አልለበስኩትም። የምጽፍልህም ለምን እንዳልለበስኩት ልነግርህ ነው።

የመስከረሙን ጠዋት ታስታውሳለህ? መስቀል ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። የዶርዜና የኦቾሎ ልጆች ወደ ደጋ ሊወጡ ዕቃቸውን ያስራሉ። እኛ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እንደ ወትሯችን ጸለይን። አሜን ካልን በኋላ ከመጽሐፍ ቅዱስህ መሃል አንድ ወረቀት አወጣህ። «መስቀልን የማናከብር ሠራተኞች» ይላል። «እህት አቢጋኤል፣ ይሄ ምስክርነት ነው። እነሱ ለደመራቸው ይሂዱ፤ ሥራውን እኛ እንሸፍናለን» አልከኝ። መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እስክሪብቶውን ስጫነው ላየኝ የሕይወት መዝገብ ላይ የምፈርም ነበር የምመስለው። አብረውን የሚጸልዩት ስምንቱም እኔን አይተው ፈረሙ። በመስቀል ዕለትም ሠራን፤ አንተም እንግዳ መቀበያው ላይ ስትሠራ ዋልክ።

ደመወዝ የተከፈለ ቀን፣ ዘንድሮ ወደ ኦቾሎ ሳይወጡ በር ሲጠብቁ የዋሉት ጋሽ ዳልጮ፣ «እኔ ለመስቀል ደብል ደረሰኝ፤ አንቺስ?» አሉኝ። የእኔ ነጠላ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፈሥላሴ ዘንድ ገባሁ። መሳቢያቸውን ከፍተው ያንን ወረቀት ዘረጉልኝ። «አላከብርም ብለሽ ፈርመሻል እኮ። በዓልሽ ካልሆነ ለአንቺ ተራ ቀን ነው።»

ሞኝነቴን ልንገርህ፤ እውነት መሰለኝ። የበዓል ክፍያ በዓሉን ለሚያከብር ብቻ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። በኋላ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው አቶ ክብሩ ሰምተው ሳቁብኝ። «የሕዝብ በዓል የአገር ነው። አዋጁ ማን ሠራ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ማን ጸለየ ብሎ አይጠይቅም» አሉ። ዘጠኛችንም ከሰስን።

አሁን በሆዴ ያለውን ላውጣው። ወረቀቱ ሲዘረጋልኝ ያንተን ስም ፈልጌ ነበር። የለም። ገልብጬም አየሁ፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከእኛ ጋር ትጸልያለህ፣ ከእኛ ጋር ትዘምራለህ፣ ያን ቀን ሠርተሃል። ታዲያ ለምን አልፈረምክም? በዕለቱ ሠርቶ ያልፈረመ ሁሉ እጥፍ እንደተከፈለው ደግሞ ሰምቻለሁ። በወሩ የሆቴላችን ባለቤት አዋሳ በከፈቱት ሆቴል ኃላፊ አድርገው ሾሙህ። ቀጥሎ ሹራብ መጣልኝ። ለአርባ ምንጭ ሙቀት ሹራብ መላክ ራሱ የተጨነቀ ሰው ሥራ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ።

ምናልባት አታውቅም ነበር። ምናልባት የእኛን ስታስፈርም የራስህን ረስተህ ይሆናል። አንሶላ በጠመዘዝኩ ቁጥር አንዴ አምንሃለሁ፣ አንዴ እጠረጥርሃለሁ። «ተጠራጣሪ አትሁኚ» ብለህ የመከርከኝ አንተ ነህ፤ አሁን ምክሩንም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። እወድህ ስለነበር ነው እንዲህ የሚያመኝ።

ክርክሩ ታኅሣሥ 4 ቀን ነው። አቶ ሰይፈሥላሴ «ወደው ነው የፈረሙት» ሊሉ ተዘጋጅተዋል። ለጥምቀትም ሌላ ወረቀት አዘጋጅተዋል፤ የማይፈርም ሌላ ሥራ ይፈልግ ብለዋል። ወረቀቱ ምን ተብሎ እንደተሰጠን፣ ለአንተስ ማን እንደሰጠህ የምታውቀው አንተ ነህ። መጥተህ ተናገር። እውነቱ አንተኑ የሚያሳፍር ቢሆን እንኳ ተናገር፤ ያን ቀን ሙቀቱን ችዬ ሹራብህን ለብሼ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ከቀረህ ግን መልስህን አገኘሁ ማለት ነው፤ ሹራቡም ተጣጥፎ ይመለስልሃል።

ወትሮ ደብዳቤዬን «እህትህ በጌታ» ብዬ እፈርምበት ነበር። ዛሬ ስሜን ብቻ ጽፌልሃለሁ። አንተ እጅ የሚገባ ወረቀት ላይ፣ እስክትመጣ ድረስ፣ አልፈርምም።

አቢጋኤል