ለሲፈን ያልነገርኳት እርምጃ

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ሙቀቱ አይጣል ነው። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ተማሪዎቹ በደብተራቸው ያራግባሉ፣ እኔም በስም መጥሪያው። በዚህ ፀሐይ ስለ ክፍልፋይ ማን ይሰማል?

ቤት ስገባ ልጄ ቤዚ በዳዴ እስከ በሩ መጣችና ሱሪዬን ይዛ ቆመች። የፈለገችው እኔን እንዳይመስለኝ… ኪሴን ነው። የሒሳብ አስተማሪ ኪስ ጠመኔ እንደማያጣ ደርሳበታለች። ትናንት ግማሹን ቆርጥማ በልታዋለች። አኬሎ "ቲቸር፣ ኪስ አራግፍ፣ ከዚያ ግባ" አለችኝ። ጎረቤታችን ናት፤ እኛ ሥራ ስንውል ቤዚን የምትይዝልን እሷ ናት። በዚህ ቤት የእሷ ትዕዛዝ ከርዕሰ መምህሩ ይበልጣል።

አሥራ አራት ወር ሆናት። ጠመኔ ትወዳለች። ግድግዳ ላይ የሚሮጥ እንሽላሊት ትወዳለች። የአኬሎን የመዘምራን መዝሙር ትወዳለች። ከሁሉ በላይ ግን ቬንትሌተሩን። መብራት ሲጠፋ ከንፈሯን ጥላ ታየዋለች፤ ሲመጣ እየዳኸች ትሄድና እግሩን አቅፋ፣ አፏን ከፍታ በነፋሱ ውስጥ "ዋዋዋዋ" ትላለች። እኔ ስገባ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሚስቴ ሲፈን ከፑኝዶ ደወለች። የስደተኞች መጠለያ ጣቢያው ውስጥ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የምታክም ነርስ ናት፤ ሦስት ሳምንት እዚያ፣ አምስት ቀን እዚህ። ኔትወርክ ለማግኘት ውሃ ታንከሩ ሥር ሄዳ ነው የምትደውለው።

"ዛሬ ምን አደረገች?"
"ጠመኔ በላች።"
"ሌላስ?"

ሁሌ "ሌላስ" ነው። የመጀመሪያዋ ጥርስ የወጣችው እሷ ሳትኖር ነው። "ማማ" ያለችውም እሷ ሳትኖር፣ ያውም ለአኬሎ። የዚያን ቀን ስልክ ላይ አልቅሳለች። ከገና በኋላ ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ "መራመዷን እንኳ ልይ፤ ጠብቂኝ በላት" አለችኝ። እየሳቀች ነበር ያለችው። መሳቋ ግን አልጣመኝም።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ሄደች!

ቤዚ አልጋውን ለቀቀች። እጆቿን እንደ ሰካራም ዘርግታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… አኬሎ ላይ ወደቀች። አኬሎ እኛ ያስተማርናትን "ወፌ ቆመች" በመዝሙር ዜማ፣ በጭብጨባ፣ ግቢው እስኪሰማ ዘፈነችው። ባሏ ኦሞድ ባጃጁን እንኳ ሳያጠፋ ሮጦ መጣ። እኔ አለቀስኩ። አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። ስሟ ላይ ደረስኩ። "ጠብቂኝ በላት" ትዝ አለኝ።

አልደወልኩም።

የምትመጣው ጥር 23 ነው። ዘጠኝ ቀን ብቻ። ስትመጣ ቤዚ በፊቷ ትሄዳለች፣ እሷም የመጀመሪያው ነው ብላ ታያለች። ማን ይጎዳል?

ጥር 15፣ ሐሙስ

የግቢውን ሰው ሁሉ አስማልኩ። ኦሞድ እየሳቀ እሺ አለ። አኬሎ ግን አሰበችበት።

"ቲቸር፣ ጌታ ውሸት አይወድም።"
"ውሸት አይደለም አኬሎ። ስጦታ ነው።"
"ስጦታ ከሆነ ለምን እንምላለን?"

በመጨረሻ "ሲስተር ከጠየቀኝ አልዋሽም። ዝም ግን እችላለሁ" አለች። ሚስቴን ሲስተር ነው የምትላት።

ማታ ሲፌ ስትደውል "ሌላስ?" አለች።
"ሌላ የለም።"

ጥር 22፣ ሐሙስ

መንገዱ አስተማማኝ አይደለም ተብሎ ነገ ለእነ ሲፌ መኪና አልተፈቀደም። እስኪፈቀድ ጠብቁ ተብለዋል። እስከ መቼ? የሚያውቅ የለም።

ቤዚ ዛሬ ከደጃፉ እስከ ማንጎው ዛፍ ብቻዋን ሄደች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ ሁለቴም መሬቱን በጥፊ መታችው።

የካቲት 2፣ እሑድ

አሁን ትሮጣለች። ምን አባቴ ልሁን?

ሲፌ ደወለች፤ ድምጿ የነርስ ድምፅ ሆኗል። "ረታ፣ ጀርባዋ ላይ አስተኝተህ እግሯን ዘርጋው። ሁለቱ እኩል ናቸው?"

"እኩል ናቸው" አልኩ። ይህን ስል ቤዚ በሁለቱ እኩል እግሮቿ የጎረቤት ዶሮ እያባረረች ነበር።

"አሥራ አምስት ወር ሆናት እኮ። ቆማ ታውቃለች?"
"ይዛ ትቆማለች።"
"አትደብቀኝ እሺ?"
"ምን እደብቅሻለሁ…"

አኬሎ ልብስ እያሰጣች ሰማችኝ። ቃሏን ጠብቃ ዝም አለች፣ ዝምታዋ ግን ቀኑን ሙሉ ተከተለኝ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ልትለቅ ነው።

ለአለቃዋ ነግራዋለች። "የሰው ልጅ ስመዝን እውላለሁ፣ የኔ ልጅ መቆም አቅቷታል። ምን ዓይነት እናት ነኝ?" አለችኝ። ስመጣ ጅማ ሆስፒታል እንወስዳታለን አለች። ሥራዋን ትወደዋለች። ባለፈው ወር አጥንቱ ብቻ የቀረ ሕፃን ድኖ ሲወጣ የነገረችኝ አነጋገር… እኔን ስታገባ እንኳ እንዲያ ደስ አላላትም። አሁን በእኔ ምክንያት ልትተወው ነው።

ልነግራት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። "ኔትወርኩ ነው" ብዬ ልጽፍ ነበር። ይሄ ደብተር የሌላ ሰው አይደለም፣ ራሴን ምን አታልላለሁ? ከመቋረጡ በፊት ሙሉ ሁለት ደቂቃ ነበረኝ። ፈራሁ። በመጀመሪያው ቀን ስጦታ ነበር፤ አሁን ስሙ ጠፋኝ።

ነገ እደውላለሁ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

አይሠራም። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። የአሁኑስ እውነትም ኔትወርኩ ነው።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

መጣች። ከአምስት ሳምንት በላይ አላየኋትም፤ ከስታለች፣ ፀሐይ አቃጥሏታል፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሊፍት የሰጣት መኪና ሰፈራችን ኒውላንድ መታጠፊያው ላይ አውርዷት ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ ገባች።

እኔም ያው እኔ ነኝ፣ አሁንም ተስፋዬ ቤዚ ላይ ነበር። አሁን ትነሳለች፣ ወደ እናቷ ትሮጣለች፣ ሁሉም በደስታ ይረሳል ብዬ።

ቤዚ እናቷን አየች። አፍራ አኬሎ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። "ነይ የኔ እናት" ብትባል፣ ሙዝ ብናሳያት፣ ቁልፍ ብናንቃጭልላት… ንቅንቅ የለም። ጠዋት ዶሮ ስታባርር የነበረች ልጅ! ሲፌ ተንበርክካ በዳዴ ሄደችላት። አቅፋት እግሯን ስትደባብስ እንባዋ ቤዚ ጉልበት ላይ ወረደ። ዞር ብዬ ወጣሁ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ነገርኳት። ቁርስ ላይ፣ ሳልቀባባ። "ሲፌ፣ ቤዚ ትሄዳለች። ወር ሆናት። አንቺ እንድታዪው ብዬ ደብቄሽ ነው።"

ትኩር ብላ አየችኝና "ልታጽናናኝ ነው አይደል?" አለች።

አላመነችኝም! አኬሎን ጠራኋት። "ሲስተር፣ እውነት ነው። ይሄ ልጅ ይሮጣል" አለች። ሲፌ ሁለታችንንም ተመለከተች፣ ከዚያ ቤዚን። ቤዚ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ምንጣፍ ታኝካለች። "አንቺም አኬሎ?" አለች በቀስታ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ቤት ግን እውነቱ ወለል ላይ ተቀምጦ አልነሳም አለ። መብራትም ከትናንት ጀምሮ የለም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሲፌ ቤዚን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ለጅማ የሚሆን ልብስ እያጠፈች ሻንጣ ታዘጋጃለች። አላነጋገረችኝም። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ የተቀጣ ተማሪ መስዬ።

መብራት መጣ። ቬንትሌተሩ ተንቀጠቀጠና ዞረ።

ቤዚ ከእናቷ ጭን ተንሸራታ ወረደች። ተነሳች። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር በሩጫ፣ ፈተና እንደረፈደበት ተማሪ… እግሩን አቀፈችው። "ዋዋዋዋ!"

ሲፌ የያዘችው ቀሚስ ከእጇ ወደቀ። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ። ልጇን አንስታ አዞረቻት፣ እንደገና አስቀመጠቻት፣ እንደገና ስትሮጥ አየቻት። አኬሎ ከደጅ ሆና "ሃሌሉያ" አለች።

ወደ እኔ ስትዞር ሳቁ አልነበረም።

"ስንት ቀን ሆናት?"
"ሠላሳ አንድ።"
"ሠላሳ አንድ ቀን እንቅልፍ አልተኛሁም።"

ይቅርታ አልኳት። ለአንቺ ብዬ ነው አልኳት። ይሄን ባልጨምር ይሻለኝ ነበር።

"ለእኔ? እኔ ስሄድ ዓይኔን ነው ላንተ ትቼ የሄድኩት፣ ረታ። አንተ ያየኸውን ነው እዚያ ሆኜ የማየው። ጨፈንክብኝ።"

ሌላ ነገር ብትለኝ እከራከር ነበር። ለዚህ ምን ይባላል? ስታለቅስ የምወዳትን ያህል ስትቆጣም እወዳታለሁ፣ ያን ለመናገር ግን ሰዓቱ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አለቃዋ አቶ ዱዋል ጋ ደወለች። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ ገና ለማንም አላሳየውም። "ልጄ ትሄዳለች" ስትለው ሲስቅ እኔ እንኳ ሰማሁት። ማታ ቤዚ በመሀላችን እየተመላለሰች፣ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ስትነካ፣ ሲፌ በስተመጨረሻ "ጨው አቀብለኝ" አለችኝ። ጨው አቀብዬ ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሄደች። ይቅር ብላኛለች? አልጠየቅኋትም። መኪናው ውስጥ ሆና "ቤዚ አንድ ነገር ብታደርግ፣ በዚያው ሰዓት ደውልልኝ። ክፍል ውስጥም ብትሆን" አለች።

"እሺ።"
"ክፉም ቢሆን።"
"ክፉም ቢሆን።"

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ዛሬ ሁለቴ ደወልኩ። አንዱ ቤዚ ማንኪያ በራሷ ይዛ ስለበላች። ሁለተኛው ማንኪያውን ሽንት ቤት ስለከተተችው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ፣ ማታር

የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ለመፈተን ከመጣሁ አምስተኛ ቀኔ። ባሮ ሞልቶ ደፍርሷል። የልብስ ሳሙናና ስኳር የጫኑ ጀልባዎች ወደ ድንበሩ ሲወርዱ ይታያሉ። አብሮኝ የሚፈትነው ጋትዌች የማታር ልጅ ነው፤ ኔትወርክ የሚይዘው ጀልባ መሳፈሪያው ጋ መሆኑን ያሳየኝ እሱ ነው።

ሲፌ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ቤት ናት። ከቤዚ ተለይቼ ይህን ያህል ቀን ቆይቼ አላውቅም። ይሄን ሲፌ ስንት ጊዜ ቻለችው?

ፈተናው ሲያልቅ፣ አሥር ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

"ቤዚ ዛሬ ሁለት ቃል አገናኘች።"

እስከ ዛሬ አንድ አንድ ቃል ነበር የምትለው። ውሃ። አባ። አኬ። መብ፣ ያ መብራት ነው። ዓረፍተ ነገር የለም። "ምን አለች?" ስል ጮኼ ኖሮ ጋትዌች ዞሮ አየኝ።

ሲፌ ትንሽ ዝም አለች። ያችን ዝምታ አውቃታለሁ። ሠላሳ አንድ ቀን ኖሬባታለሁ። "ስትመጣ ትሰማዋለህ" ብትለኝ ትችል ነበር፣ እኔም እቀበላት ነበር።

"'አባ የለም' አለች። ጠዋት ተነስታ አልጋ ሥር አየች፣ ጓሮ ዞረች፣ አኬሎ ቤትም ሄደች። ከዚያ መጥታ ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ… 'አባ የለም።'"

የልጄ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እኔ አለመኖሬ ነው። አመመኝ፣ እውነት አመመኝ። ደግሞ ደስ አለኝ። አንድ ላይ ይሆናሉ እንዴ?

"ረታ? አለህ?"
"አለሁ። ስትል አዝና ነበር?"
"ትንሽ።"
"ትንሽ ስንት ነው?"

ሳቀች። "የሒሳብ አስተማሪ" አለች። ጋትዌች ሻይ ይዞልኝ ሊመጣ ሄደ። እኔ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷም ቤዚ ዓይኗን ከገለጠችበት ጀምራ ነገረችኝ፤ በየትኛው በር እንደወጣች፣ አልጋው ሥር እስከ የት እንደገባች፣ "የለም" ስትል ከንፈሯ እንዴት እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንዳለቀሰች። ምንም አልቀነሰችልኝም።