ቀን ቀን የሚጠፋው ካሜራ

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሰዓዳ፣
ጅዳ

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ልጅሽ ዳሊያም ደህና ናት። በስልክ ስናወራ አፌን ከፈት ሳደርግ ስለምትዘጊብኝ በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

«ካሜራውን ቀን ቀን የምታጠፊው ልጄን ምን እያደረግሽ ነው?» ብለሽኛል። ዳግመኛ ከጠፋ፣ ወንድማችን በድሩ ቅዳሜ ከኒው ሀልፋ መጥቶ ዳሊያን እንዲወስዳት ነግረሽዋል። ጡት ካስጣልሻት ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ፣ ዛሬ የምጠበቅ ሌባ ሆንኩ። በገዛ እህትሽ ላይ ሦስት ካሜራ ስታስተክዪ ትንሽ እንኳ አላፈርሽም። እዚያ የምታሠራሽ እመቤትሽ ወጥ ቤት ውስጥ ካሜራ ሰቅላብሽ «እንደ እስረኛ አደረገችኝ» እያልሽ ያለቀስሽልኝ አንቺ አልነበርሽም? ትምህርቱን ቶሎ ነው የያዝሽው፣ ማሻአላህ።

ለማንኛውም የሚጠፋበትን ምክንያት አግኝቼዋለሁ። መጀመሪያ ግን ያን የላክሽልኝን ባለሙያ ተብዬ ላንሳልሽ። ሲሳይ የሚባለውን፤ ገበያው ውስጥ ስልክ የሚጠግነውን። መሐንዲስ እያሉ ይጠሩታል፣ ማን እንደሾመው እንጃ። ኢንተርኔቱን እየተቀባበሉ ለቤቱ የሚያዳርሱትን ነጫጭ ሳጥኖች ሲተክል፣ የበረንዳውን ሳጥን ከወገቤ ከፍ ሳያደርግ ሰቅሎት ሄደ። መሰላል መውጣት ይፈራል። ካሜራዎቹ ሲጠፉ አስጠራሁት። ሳጥኑን ነቀለ፣ መልሶ ሰካ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። በሌላ ቀን መጥቶ የይለፍ ቃሉን ቀየረና ካሜራዎቹ አንዳቸውም መግባት አቃታቸው፤ የራሱን ጥፋት እየመለሰ አንድ በአንድ ሲያስገባቸው ዋለ። ለዚህም አመስግኚኝ የሚል ፊት ነበረው። ከዚያ ደግሞ ጥፋቱ ከፀሐይ የሚሞላው ባትሪ ነው አለ። ባትሪ ቢሆን የሚደክመው ማታ ነበር፤ የእኛ ካሜራ ማታ ደህና እየሠራ ጠዋት ነው የሚጠፋው። ይህን ብነግረው «ያ ኑሪያ፣ ሸበካው ደካማ ነው፣ ኻላስ፣ በቃ!» ብሎኝ ስልኩን እየነካካ ወጣ። ሸበካ የሚለው ኔትወርኩን ነው። ደካማው ማን እንደሆነ እንኳ እኔ አውቄያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዳሊያን ትኩሳት ያዛት። እንደወትሯችን ውጭ ግቢው፣ ሖሹ ውስጥ ነበር ያደርነው። መቼም ጎህ ሲቀድ አራቱን የብረት አልጋዎች ፀሐይ እንዳያግላቸው አንስቼ በረንዳው ግድግዳ ላይ ደራርቤ አቆማቸዋለሁ፣ ሲመሽ መልሼ አወጣቸዋለሁ፤ አንቺም እዚህ ሳለሽ ስታደርጊው የኖርሽው ነው። ያን ቀን ግን እሷ ጥላው ሥር እንደተኛች ዋለች፤ እሷን ትቼ አልጋ የምሸከምበት ልብ አልነበረኝም። አንዱንም አላነሳሁ። ካሜራዎቹም ሳይጠፉ ዋሉ። ሲሻላት እንደልማዴ አልጋዎቹን አቆምኩ፤ ካሜራዎቹ ጠፉ። ገርሞኝ ባወርዳቸው መጡ። ደግሜ አቆምኳቸው፣ ጠፉ። ለካ ያን ሁሉ ብረትና ሽቦ ሳጥኑ ፊት እየደረደርኩ ሞገዱን የምጋርደው እኔው ኖሬያለሁ! ሲሳይ በመጣ ቁጥር ሻዩን የጠጣው እነዚያኑ አልጋዎች ተደግፎ ነው።

ትኩሳት ይዟት በዋለችበት ቀን ምን ብለሽ እንደጻፍሽልኝ ታስታውሻለሽ? «ዛሬ እንኳ አላጠፋሽውም፣ አልሐምዱሊላህ» ነው ያልሽው። ልጅሽ በጠራራ ቀትር አልጋ ላይ ተዘርራ፣ እኔ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየርኩ፣ ካሜራሽ ይህን ሁሉ ጥርት አድርጎ እያሳየሽ፣ ምን ሆና ነው ብለሽ አልጠየቅሽም። አንቺ የምታዪው ካሜራው መሥራቱን ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን ናቅሁሽ። ሌላ ሰው ብትሆኚ ኖሮ በዚያው አልጽፍልሽም ነበር።

አሁን መሰላል ወጥቼ ሳጥኑን ራሴ ከጣሪያው ሥር ሰቅየዋለሁ። አልጋዎቹንም ወደ ጓዳው ግድግዳ አዙሬያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልጠፋም፤ አንቺም አይተሽዋል፣ ግን «ያጠፋሽው አንቺ እንዳልነበርሽ ገባኝ» ብለሽ አንዲት ቃል አልላክሽም።

እንግዲህ በድሩን ቅዳሜ ብትልኪው በሩን እከፍትለታለሁ። አልደብቃትም፤ የወለድሻት አንቺ ነሽ። ፈርቻለሁ ግን፣ ሰዓዳ። እሷ ከሄደች ይህ ቤት ምን ሊሆነኝ ነው? ደግሞ ካሜራሽ ድምፅም የሚያስተላልፍ ስለሆነ፣ ከእሱ ሰምተሽ ከሚከፋሽ አስቀድሜ እኔ ልንገርሽ። በድሩ እጇን ይዞ ሲያስወጣት ዳሊያ «እማየ!» ብላ ትጮሃለች። እዚያ ሆነሽ ስልኩን ይዘሽ «አቤት ልጄ» እንዳትይ። የምትጠራው እኔን ነው።

አላህ ወገብሽን ያበርታልሽ፣ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ።

እህትሽ ኑሪያ