ባሌን ከፊልምዎ ይመልሱልኝ

ለተከበሩ አቶ ወልደሥላሴ
የቀበሌያችን ወጣት ማዕከል ኃላፊ፣ የቅዳሜ ፊልም መራጭና ተርጓሚ፣ የአስተያየት መዝገብ ጠባቂ
አርባ ምንጭ

ጉዳዩ፦ ዘግይቶ የቀረበ የተመልካች አስተያየትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለጉሮሮዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማይክሮፎን ይዘው የጀግናውንም፣ የጠላቱንም፣ የሴቲቱንም፣ አንዳንዴም የመኪናውን ድምፅ ብቻዎን ሲያወጡ የሰማ ሰው፣ በከተማችን ከዚህ ጉሮሮ የሚበልጥ የሕዝብ ንብረት አለ ብሎ አያምንም። እኔ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ፣ የሌላ ሰው ደብዳቤ ገቢና ወጪ ማድረግ እንጀራዬ የሆነ ሴት ነኝ፤ ስለ ራሴ ደብዳቤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ በማዕከሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም፣ እርስዎ የሰው አስተያየት በአደባባይ ሲነበብ ደስ እንደሚልዎት ስለማውቅ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ባሌ ዘካሪያስ ባለፈው ግንቦት ላንቴ ካለው ማሳችን ማንጎ ሲያወርድ ከዛፍ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ውስጥ ዓይኑን ሲገልጥ አየኝና “እርስዎ ማን ነዎት?” አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሐኪሙ ትዝታ በጉልበት እንደማይመለስ፣ በለመደው ነገር መሃል ሳይደናገጥ እንዲኖር፣ ከሰውም እንዳይርቅ መከረኝ። በዚሁ መሠረት ስምንት ወር ሙሉ የገዛ ቤቱን እንደ እንግዳ አስጎበኘሁት። ይህ አልጋህ ነው፣ ይህ የአባትህ ገጀራ ነው፣ እኔ ሚስትህ ነኝ። እጁ የሙዝ አቆራረጥ አልረሳም ነበር፤ እኔን ግን እጁም ረስቶኝ ነበር። ጥር ላይ አንድ ቀን ጠዋት “ጫማዬን የት አስቀመጥሽው?” አለኝ። አስቀመጥሽው ነው ያለኝ፤ አስቀመጡት አላለኝም። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ከዚያም ከሰው እንዳይርቅ ብዬ በየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ እጁን ይዤ ወደ እርስዎ አዳራሽ ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። እጄን በእጄ መቁረጤን አልክድም።

የዕለቱ ፊልም፣ እንደሚያስታውሱት፣ ማንነቱን ስለረሳ ሰላይ ነበር። እርስዎ እንደ ተረጎሙልን ከሆነ ሰውየው ስሙን አያውቅም፣ እጆቹ ግን ሁሉን ያውቃሉ። ሚስትህ ነኝ ከምትለው ሴት ጋር ይኖራል። ኋላ ላይ ሴቲቱ ትዝታውን ባጠፉበት ሰዎች የተቀጠረች ሆና ትገኛለች፤ የጋብቻ ወረቀቱ ፎርጅድ፣ ጎረቤቶቹ ቅጥረኞች፣ በየማታው የምታቀርብለት ሾርባም መድኃኒት ያለበት ይሆናል። ሰውየው በመስኮት ዘሎ ራሱን ፍለጋ ይሄዳል፤ ክፍል ሁለት ይቀጥላል። የተመልካች አስተያየቴን ከዚህ በታች በምስጋና መልክ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የባዕድ አገር ፊልም የእኛው እንዲመስል ስለሚደክሙት ድካም አመሰግናለሁ። ጀግናው በበረዶ ከተማ ውስጥ ሲሮጥ “በሲቀላ ገበያ ታጥፎ ወደ ሴቻ ወጣ” ባሉ ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ስቄያለሁ። ዘካሪያስ ግን አልሳቀም፤ ሲቀላን ያውቀዋል። በእግሩ የሚሄድበት ገበያ ስለሆነ የቀረውም ታሪክ እዚሁ የተፈጸመ መሰለው።

2ኛ. ከፊልሙ በኋላ ስላዘጋጁት የአስተያየት ጊዜ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ጎረቤቴ ዳግም፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ተነስቶ ሚስት ተብዬዋ ከጅምሩ ከልክ በላይ ደግ መሆኗ እንዳጠራጠረው አስረዳ። ሌላው ደግሞ እጁ የማይረሳ ሰው በሠፈራችንም አለ፣ የሙዝ ግንድ በአንድ ምት ይጥላል ብሎ ወደ እኛ ወንበር ጠቆመ። ሁሉም ዞሮ አየን። ያኔ ባሌ ብድግ አለ። ከወደቀ ወዲህ በሰው ፊት ሲናገር ያ የመጀመሪያው ስለነበር እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ሴቲቱ እውነተኛ ሚስት ብትሆን ኖሮ ሰውየው በምን ያውቅ ነበር ብሎ ጠየቀዎት። እርስዎም ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጠይቅ ሳይመረምሩ፣ ማወቂያ እንደሌለው፣ ወረቀቱም ጎረቤቱም የእሷ ስለሆነ የገዛ ጥርጣሬውን ብቻ ማመን እንዳለበት በዚያ መልካም ድምፅዎ መለሱለት። ተጨበጨበልዎት።

3ኛ. ማስረጃዎቼን ሁሉ አንድ በአንድ ስለቀሙኝ አመሰግናለሁ። ቤት እንደገባን የጋብቻ ሠርተፍኬታችንን አሳየሁት፤ በፊልሙም ነበረ አለኝ። የሠርጋችን ፎቶ አምና ጎርፍ ቤታችን ሲገባ ከነአልበሙ ስለሄደ የማሳየው አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም ለእሱም መልስ አያጣም ነበር። ያጋቡንን ሽማግሌዎች ጠራሁ፤ በአክብሮት ተነስቶ ሰላም አላቸውና ማን እንደላካቸው ጠየቃቸው። በማግስቱ “እርስዎ” ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ገጀራውንና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ላንቴ ማሳው ውስጥ ካለችው ዳስ ገባ። ይኸው ከወር በላይ ሆነው።

4ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አቅም አጣሁ። ዳግም በሰጠው አስተያየት ተጸጽቶ በየቀኑ በባጃጁ ምግብ ያደርስለታል፤ ባሌ እኔ የሠራሁት መሆኑን ካወቀ ግን አይቀምሰውም። ሾርባው ውስጥ መድኃኒት ነበረበት ብለውታልና። ሙዝ ብቻ እየበላ ነው የሚውለው። ባለፈው ሳምንት ከሩቅ አየሁት፤ ቀበቶው ሌላ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። የሞተብኝ ሴት ብሆን ሰው ቤቴ መጥቶ ያጽናናኝ ነበር፤ ባሏ በሕይወት እያለ ሚስቱ አይደለሽም ለተባለች ሴት ምን ተብሎ እንደሚለቀስ እኔም አላውቅም።

ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ፊልም ፊልም ነው፣ ቅሬታ ካለ በሳጥኑ በኩል ይቅረብ ብለው በትሕትና መልሰውኛል። በሳጥኑ አስገብቼም ነበር። ሳጥኑ ቁልፉ ከጠፋ መቆየቱን የነገረኝ ጥበቃው ነው።

ክቡር ሆይ፣ ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣልና እኔም የምጨብጠው እርስዎን ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ክፍል ሁለትን እንደሚያሳዩ ለጥፈዋል። ዘካሪያስ ቀኑን እየቆጠረ ነው፤ እሱ ማን እንደሆነ ከዚያ እንደሚሰማ ለዳግም ነግሮታል። በክፍል ሁለት ሴቲቱ ምን እንደምትሆን አላውቅም። ብትታሰርም፣ ብትገደልም፣ ከተራራ ብትወረወርም እንደ ፈቀዱ ያድርጓት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጨምሩልኝ፤ ሴቲቱ እውነተኛ ሚስቱ ነበረች ይበሉ። ጀግናውን በሲቀላ ያስሮጠ አፍ ይህች አትከብደውም። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ለሕዝቡ ዕውቀትና መዝናኛ ለሚያደርጉት ያልተቆጠበ ጥረት ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቤቴን ባዶ ባስቀረው ድምፅዎ ፊት እየገለጽኩ፣

ጥርጣሬ ያለባት አመስጋኝዎ፣
አገርነሽ ካሱ
የዘካሪያስ ሚስት (ማስረጃው ውድቅ የተደረገ)

ግልባጭ፦
ቁልፉ ለጠፋው የአስተያየት መስጫ ሳጥን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ዳግም ያንኑ ክፍል አንድ ፊልም በፍላሽ አምጥቶልኝ፣ ከትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ መምህርት ከአቢጋኤል ጋር ቁጭ ብለን አየነው። መምህርቷ እያስቆመች ቃል በቃል ነገረችኝ። ሾርባው ውስጥ ምንም የለም። ጎረቤቶቹም ጎረቤቶች ናቸው። እርስዎ “ተከፍሎኝ ነው” ያሰኟት ሴት በራሷ አፍ የምትለው፣ አንድ ቀን ታውቀኛለህ ብዬ ስጠብቅህ ኖርኩ ነው። ሰውየው በመስኮት የዘለለውም አሳዳጆቹን ከእሷ ለማራቅ ነው። እንግዲህ የጠየቅሁዎት ውሸት አልነበረም ማለት ነው። በማግስቱ ላንቴ ድረስ ሄጄ ይህንኑ ለባሌ ነገርኩት። እስክጨርስ በአክብሮት ሰማኝና “አቶ ወልደሥላሴ አይዋሹም” አለኝ። ከወደቀ ወዲህ የሰው ስም ሳይሳሳት ሲጠራ የሰማሁት የእርስዎን ብቻ ነው።