«ጠጪ» የሚለው ፉጨት

መጋቢት 18፣ ጠዋት

መብራት ሄዷል። የላፕቶፑ ባትሪ ግማሽ ላይ። ስሚኝማ ማስታወሻዬ፣ ትናንት የሠራሁትንም ጣልኩት። ክራሩም፣ ከበሮውም የሌላ ሰው ይመስላል። አዲስ አበባ ያሉት የቴሌቪዥን ሰዎች የሚፈልጉት ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው። አዲሱ የመዝናኛ ቻናል ሲከፈት፣ ጓዳ ያለ ሰው ሳያይ እንዲያውቀው። የድምፅ መለያ። ከናንተ ቆላ የሆነ፣ ማንም ያልሰማው ይሁን ብለዋል። ቀላል ነው እንግዲህ!

እማዬ ቆርጣለች። ይሄ ሥራ ካልተሳካ ስቱዲዮዬ ይዘጋል፤ እኔ ከሷ ጋር ሱቅ፣ ሽቲ ጨርቅ መለካት። ሽቲ አልጠላም። ዕድሜዬን ግን አልለካበትም።

መጋቢት 21፣ ከሰዓት

አሬሮ ገጠር፣ አቡያ ጃርሶ ዘንድ። የእማዬ ወንድም ናቸው። ግራር ሥር ጋደም ብያለሁ። ላሞቹ ገንዳው ላይ። አቡያ ያፏጫሉ፤ ዝቅ ያለ፣ እየተሳበ የሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ብድግ የሚል። ቡሬ የምትባለው ላም አፏን ትነክራለች። ሲያቆሙ ቀና ትላለች። ሲያፏጩ እንደገና። «ጠጪ» ማለት ነው አሉኝ፤ ከጥጃነቷ ታውቀዋለች።

በስልኬ ቀዳሁት። ከተሜውን ውሃ ልታጠጪበት ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ሰውነቴ ይቀለኛል። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እንጃ።

መጋቢት 25

ላክሁት። ወደዱት! የቻናሉ ኃላፊ ወ/ሮ ሰብለ ራሷ ደወለች። የመጨረሻው ቅጂ እስከ 28። እማዬ ሰማችው፤ ጨርቁን ማጠፍ አቆመች። «ይሄን ደሞ አካም ጎቴ?» አለች። እንዴት አድርገሽ ሠራሽው ማለቷ ነው። እማዬ አፍ አውጥታ አታደንቅም፤ ይሄ ለሷ ብዙ ነው።

ዝናቡ ግን ቀረ። ሰው ሁሉ ሰማይ ያያል።

መጋቢት 27፣ የገበያ ቀን

ነጌሌ። ትልቅ ስፒከር ላይ ልስማው ብዬ፣ ከከብት ተራው ማዶ ካለው ሙዚቃ ቤት በረንዳ ከፈትኩት። ሰው ዞር ዞር አለ። ከብቱም። አንዲት ላም ግን ባለቤቷን እየጎተተች መጣች፤ አንገቷን ደፍታ አቧራውን ላሰች። ቡሬ! ገመዱን የያዙት አቡያ። ሣር አልቆባቸው ሊሸጧት አምጥተዋታል። ለኛ አልነገሩንም።

አጠፋሁት። ገዢዎቹ ይስቃሉ። አቡያ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። በነጠላቸው ጫፍ አፏን ጠረጉላት።

«እኔን አምናኝ እኮ ነው። ውሃ ሳይኖረኝ አፏጭቼላት አላውቅም።»

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። አላወቅሽም ልጄ፣ ናጋ ሁኚ፣ ሰላም ሁኚ ብለው ሄዱ። በተቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 28፣ ጠዋት

ለወ/ሮ ሰብለ ደወልኩ። ሌላ ልሥራላችሁ ብዬ ለመንኩ። ከብት ቴሌቪዥን አያይም ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ግን ከዚህ እስከ ሞያሌ የትኛው ሻይ ቤት ነው ቴሌቪዥኑን በር ላይ የማያስጮኸው? ከብቱ የሚያልፈው በዚያው በር ነው፣ ያውም ጠምቶት። ወይ ይሄ ፉጨት ወይ ሌላ ባለሙያ አለች። እስከ ማታ አስቢበት።

ልልከው ነው። ምን ላድርግ? አቡያም አልከለከሉኝም። ሦስት ሰከንድ ነው እኮ።

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት

አቡያ ደወሉ። ቡሬ ተሸጠች። መኪናው ላይ አልወጣም አለች። ሰዎቹ ዱላ አነሱ። እንዳይመቷት ብዬ አፏጨሁላት አሉ። ወጣች። አንገቷን ደፍታ፣ የመኪናውን ወለል እያሸተተች።

«እኔም ዋሸኋት» አሉኝ። «እኔም» ያሏት ቃል ደረቴ ላይ ተቀምጣለች።

ለወ/ሮ ሰብለ ጻፍኩ፦ ሌላ ሰው ፈልጉ። የላክሁትንም እንዳትጠቀሙበት፤ ፉጨቱ የኔ አይደለም። ላክሁት። አሁን ለእማዬ ልነግራት ነው። ሱቁን እየዘጋች ነው፣ የመዝጊያው ድምፅ ይሰማኛል፤ ቁልፉን ሳታዞር ልድረስባት።