አፍንጫው የጠፋው ቀይ ማስኮት

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5
ዛሬም ልምምድ። ዝናብ፣ ጭቃ... እንደ ሁልጊዜው። የኮሌጃችን የፉትቦል ቡድን ማስኮት፣ ሜዳ ዳር ደጋፊውን የሚያስጨፍረው ምስል፣ ቀንዳም ቀይ ሰይጣን ነው። ውስጡ ገብታ የምትዘለው ደግሞ እኔ። ክፍል ውስጥ እጄን ለማውጣት የማፍረው እኔ፣ ያን ትልቅ ጭንቅላት ካጠለቅሁ በሰው ሁሉ ፊት እጨፍራለሁ። ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ?

ማታ እማ ልብሱን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ስልኬ ላይ አየች። «በኢየሱስ ስም! ሂዊ፣ ይሄ አንቺ ነሽ?» የጸሎት ቡድኗን መሪ፣ እትዬ የሻረግን ነው የፈራችው። «ቸርች ሰው እንዳይሰማ! ነገውኑ ተዪው!»
አልተውም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 7
ግን ለምን ሰይጣን? አምበላችንን ናኦድን ጠየቅሁት። «ኦልዌይስ እንደዚህ ነው» አለኝ። ይሄ መልስ ነው?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9
ሰንሻይን የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄጄ የድሮውን አሰልጣኝ ሚስተር ኬቨንን አገኘሁ። ሳቁብኝ። «የምን ሰይጣን? በሬ ነው እንጂ!» የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ቀን ቄራ እየሠሩ ማታ የሚማሩ ነበሩ አሉ። ስለዚህ ቀይ በሬ መረጡ፣ ጭንቅላቱን የሚስተር ኬቨን ባለቤት ሰፉት። ኋላ ተጋጣሚዎች አፍንጫውን ገንጥለው ወሰዱ፣ የተካው የለም። ቀይ ፊትና ቀንድ ብቻ ሲቀር ሕዝቡ ሰይጣን አለው። ባቡር ውስጥ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ።

እቤት ስገባ ለእማ ዘረገፍኩላት።
«በሬ?»
«አዎ፣ በሬ!»
«እስራኤል በምድረ በዳ ያመለኩትስ ጥጃ አይደል?»
እግዚኦ! እማን በመጽሐፍ ቅዱስ ልረታት ኖሯል?

ሰኞ፣ ኦገስት 18
የክለቡ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ታሪኩን ተናገርኩ። ያለ ጭንቅላቱ! ደግሞም ጨረስኩት። አፍንጫው ይመለስ ተባለ። ከስፖንጅና ከጨርቅ እኔው ሰፋሁት። ትንሽ ጠሟል፣ ይሁን።

ለእማም ቁርጡን ነገርኳት። «ቅዳሜ የፍጻሜ ጨዋታ ነው፣ ልብሱን እለብሳለሁ። ተደብቄ አላደርገውም። በሬውን ተዪው፣ እኔን ለማየት ነይ። ካልመጣሽ ይከፋኛል።» ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ሐሙስ፣ ኦገስት 21
እማ ስለ እራት ብቻ አወራችኝ። እኔም አልለመንኩም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 23
መጣች! መኪና ስለማትነዳ ያመጣቻት ራሷ እትዬ የሻረግ ናት። እማ ምን ብላት ይሆን? ከሩቅ አየኋቸው። ቢሆንም ዘለልኩ።

ከእረፍት በፊት አንድ የተጋጣሚ ደጋፊ ሮጦ መጣና ቀንዴን ጎተተኝ። ጭቃው ላይ ተዘረርኩ። ሰው ሳቀ። ከዚያ የእማ ድምፅ... «ተው! ልጄ ናት! ሺ ኢዝ ማይ ዶተር!» አጥሩን እንዴት እንዳለፈችው አላውቅም። ልጁ ሶሪ እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። እማ የበሬውን ጭንቅላት አውልቃልኝ ፊቴን በሻርፗ ጠረገችልኝ።

እትዬ የሻረግ እያለከለከች ደረሰች። «ውይ! ሂዊ ናት እንዴ እዚህ ውስጥ?»
«አዎ፣ የኔዋ ናት» አለች እማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ ጭንቅላቱን አነሳችና በገዛ እጇ መልሳ አጠለቀችልኝ።