መምህር ወልደአማኑኤል ተክለማርያም እና የካራማራው ፈርን

መምህር ወልደአማኑኤል ከአባታቸው ከአቶ ተክለማርያም ኃይሉ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉእመቤት ደስታ በ1951 ዓ.ም. በአፍደም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛውን ድሬዳዋ ተከታትለው በመምህርነት ሠለጠኑ። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ጅግጅጋ ባዮሎጂ አስተማሩ። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ ለተማርያም ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሳሌምንና ነቢዩን አፍርተዋል። ቁጡ ነበሩ፤ ጠመኔ ያባከነ ተማሪ አይምሩም።

አበባም ፍሬም የሌለውን፣ በብናኝ የሚራባውን ፈርን የተባለ ተክል አጥብቀው ይወዱ ነበር። በዚህ ደረቅ አገር ፈርን ሲፈልጉ ብዙ ሰው ይስቅባቸው ነበር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ግን ከካራማራ ተራራ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አንድ አገኙ። ብናኙን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ መጽሐፍ ላይ እንዳሉት ዘመዶቹ ለስላሳ ሳይሆን ገጹን ሸንተረርና ጥቃቅን እሾህ ሞልቶታል። ማንም ያልመዘገበው ተክል ሊሆን እንደሚችል አመኑ። ለማረጋገጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ መነሣት ነበረበት። የዩኒቨርሲቲ መምህርቷ ዶክተር ዐምራን ዐብዲወሊ ከገና በኋላ አዲስ አበባ ሊወስዱላቸው ቀን ቆረጡ።

ቅጠሎቹን ነጭ ወረቀት ላይ ደፍተው ብናኙ እስኪረግፍ ጠበቁ። ለገና ቤት ሲጸዳ ልጃቸው ሳሌም ወረቀቶቹን ግቢ አውጥታ አራገፈች፤ ቅጠሉንም ከጥራጊው ጋር አቃጠለች። የጅግጅጋ አቧራ በየቀኑ የሚጠረግ ነውና ቡናማውን ብናኝ ከአቧራ አልለየችውም። አባቷ ሲመለሱ ጠረጴዛውን ባዶ አገኙት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ለዶክተር ዐምራን ነፋስ እንደወሰደው ነገሯቸው። ወደ ስፍራው ሲሄዱ ድንጋዩ ለግንባታ ተፈልጦ ተወስዷል። አራት ክረምት ተራራውን ቢያስሱም ሌላ አላገኙም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው ቀርተዋል።

በመጨረሻው ሳምንት፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲጻፍ ብናኙን ነፋስ ወሰደው እንዲባል ልጃቸውን አዘዋት ነበር። እሷም እሺ ብላ ቃል ገባች።

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ዶክተር ዐምራን እውነቱን ከእኔ እንዲሰሙ ብዬ፣ ለአባቴ የገባሁትን ቃል በቀብራቸው ቀን አጠፍኩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልኝ፤ እኔንም ይማረኝ።